ውዝፍ ክኒን

ሐኪሙን የማይዋሽ ሰው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፦ አፉን ያልፈታ ሕፃንና ራሱን የሳተ በሽተኛ። የቀረነው ሁላችን ግን... አዎ፣ አንተም ጋዜጣውን ፊትህ ላይ አትጋርድ፣ አንችም ወዲያ አትዪ!... ነጭ ጋዋን ስናይ ምላሳችን ማር ይሆናል። «ጨው ቀንሰዋል?» «ኧረ ድሮ!» «በእግርዎ ይሄዳሉ?» «ሌላ ምን ሥራ አለኝ!» እንላለን፤ ከዚያ ከበሩ ላይ ባጃጅ ተሳፍረን ወደ ቤት።

እኔ የደም ግፊት ሰው ነኝ። ይኸው ግፊት ታላቅ እህቴን አንድ ጎኗን ይዞ አልጋ ላይ ስላስቀራት፣ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ማወቅ ሌላ፣ መዋጥ ሌላ!

ከታዘዙልኝ ክኒኖች አንዷ ሽንት የምታመላልስ ናት። ስታዩአት እዚህ ግባ አትባልም፤ ጉዷን ያየሁት ይፋግ ለቅሶ የሄድን ዕለት ነው። ጠዋት ዋጥኋትና ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ገና ከደብረ ታቦር ሳንርቅ፣ «ሾፌር፣ የኔ ልጅ፣ ለአፍታ...» አልሁ። ቆመልኝ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ «ሾፌር፣ ልጄ...»። ወረታ ሳንደርስ ሰውየው ሳልጠይቀው ቁጥቋጦ ባየ ቁጥር ፍሬን መያዝ ጀመረ። «እናት፣ ይችኛዋ ትሆናለች?» ይለኛል፤ ቤት እንደሚያሳይ ደላላ! ለቅሶው ቤት ስንደርስ ሌላው ሰው ሟችን ሲያለቅስ እኔ ጓሮ ለጓሮ ስዞር ዋልሁ። ዘመድ ሁሉ «ምን ያህል ብትወደው ነው፣ መቀመጥ እንኳ አቃታት!» ብሎ አዘነልኝ።

ከዚያ ወዲያ ላለመዋጥ ሰበብ አጥቼ አላውቅም። መንገድ ካለኝ በመንገዱ። ጾም ከሆነ በባዶ ሆድ እንዴት ብዬ። ደህና ከሆንሁ ደግሞ ደህና ነኝ ብዬ። ክኒኖቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሠርግ ቀሚሴ ጎን በክብር ተቀመጡ።

በዚህ መሀል የሰፈራችን ጤና ጣቢያ «የመድኃኒት አጠቃቀም ጥራትን እንለካለን፣ እናሻሽላለን» ብሎ ተነሣ። መለኪያው አንዲት ጥያቄ ናት፤ የምትጠይቀውም ፍሬሕይወት። ፍሬሕይወት የፋርማሲው ባለሙያ ናት፤ ከገበሬ ቤት ወጥታ የተማረች፣ ሥራ የያዘችው ገና በቅርቡ፣ ስትስቅ መስኮቱ የሚበራ ልጅ።

«እትዬ ጥሩ፣ መድኃኒትዎን በደንብ ይወስዳሉ አይደል?» አለችኝ።

እስኪ እናንተ ፍረዱኝ! እንዲያ እየሳቀች «አይደል?» ስትለኝ፣ «አይ፣ ከቀሚሴ ጋር አስቀምጬዋለሁ» ልበላት? ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብኝ፤ ለእሱ ደግሞ እስካሁን ክኒን አልተሠራለትም።

«በሰዓቱ ነዋ!» አልሁ።

ካርዴ ላይ አረንጓዴ ተለጣፊ ለጠፈችልኝ። መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው ምልክት ነው። ጎረቤት ለጎረቤት እየዞርሁ አሳየሁት... ምን ላድርግ፣ በልጅነቴ ተማሪ ቤት ገብቼ ኮከብ አልተሰጠኝማ!

ክፋቱ፣ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው መለኪያ ይሉኝታ አያውቅም። ዶክተሩ ይለካኛል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ ካርዴን ያያል... አረንጓዴ! ደግሞ ይለካኛል። ግራ ሲገባው ሌላ ክኒን ጨመረልኝ። አመስግኜ ተቀበልሁና ቁም ሣጥን ውስጥ ከባልንጀሮቹ ቀላቀልሁት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግፊቴ ጭራሽ ብሶ ተገኘ። ዶክተሩ ካርዴን ይዞ ተነሣና ወደ ፋርማሲው መስኮት ሄደ። እኔም ከኋላው።

«ፍሬሕይወት፣ ይህን መድኃኒት እንዴት ነው የምታስቀምጭው? እሳቸው በሥርዓት እየወሰዱ ግፊቱ አልወርድ አለ። ሙቀት አበላሽቶት ይሆን?»

ሙቀት! ደብረ ታቦር ላይ! ሐምሌን ጋቢ በጋቢ ደርበን የምንከርም ሰዎች!

«ኧረ ዶክተር፣ በደንቡ ነው የማስቀምጠው...» አለች። ሳቋ ጠፋ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እንግዲህ ዓርብ ደግሜ እለካቸዋለሁ። ያው ከሆነ ለበላይ አሳውቀን መጋዘንሽ ይመረመራል።»

በእኔ ምላስ የዚች ልጅ ስም ሊጠፋ! «የእሷ ጥፋት የለበትም፣ አልዋጥሁትም» ብል እኮ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ያችን አጭር ቃል ላለመናገር ያደረግሁትን ስሙልኝ።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ የንስሐ አባት ያዘዙትን ስግደት ዐቢይ ጾሙን ሙሉ «ነገ፣ ነገ» ስንል ከርመን፣ ስቅለት ዕለት ወገባችን እስኪቀነጠስ ሰግደን እናካክሳለን። ስቅለት አመሻሽ ላይ እያነከሰ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሁሉ ውዝፍ የነበረበት ነው። ታዲያ አሰብሁ... ክኒንስ ቢሆን ከስግደት በምን ይለያል? ግፊቴ ይወርዳል፣ መድኃኒቱ እንደሚሠራ ይመሰከራል፣ ልጅቱ ነፃ ትወጣለች፣ የእኔም አረንጓዴ አይነካም!

ዓርብ ጠዋት ቁም ሣጥኑን ከፈትሁ። ከዚህኛው ቆንጠር፣ ከዚያኛውም ቆንጠር አድርጌ ውዝፌን ዋጥሁ። (እንዳትሞክሩት! አሁን እየሳቅን ነው እንጂ፣ የዚያን ዕለት የሚሳቅ አልነበረም።) ቀኑ ጾም ነውና እህል አልቀመስሁበትም፤ ሐኪም ብዋሽም ጾም አልሽርም!

ጤና ጣቢያው ስደርስ እግሬ ቀሎኛል... ከመጠን በላይ ቀሎኛል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አያ ደሴ ተቀምጠዋል። አያ ደሴ ከጉና ተራራ ሥር በበቅሎ የሚመጡ ገበሬ፣ እንደ እኔው የግፊት ሰው፣ ምላሳቸው ከበቅሏቸው የሚፈጥን ሽማግሌ ናቸው።

«አንች ጥሩ፣ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«የጾም ነው፣ አያ።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ። ግን እንዳንች ጣራ ጣራ አላይም!»

ስሜ ተጠራ። ብድግ አልሁ። ጣራው ወረደ፣ ወለሉ ወጣ፣ መሀል ላይ ተገናኙ... ነቃ ስል የጋቢ ሽታ ሸተተኝ። ለካ አያ ደሴ ጭን ላይ ተዘርግቻለሁ!

«ኧረ አንሡልኝ! ሰዎች፣ ባለ ሚስት ነኝ!» ይላሉ እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው።

ዶክተሩ ሮጦ መጥቶ ለካኝ። «ግፊታቸው በጣም ወርዷል! ፍጠኑ!»

ይህን ስሰማ፣ ዓይኔን እንኳ ሳልገልጥ፣ «አላልኋችሁም? ይሠራል! የፍሬሕይወት መድኃኒት ይሠራል!» አልሁ።

«እትዬ ጥሩ፣ ምን ወሰዱ?» አለኝ ዶክተሩ።

«ውዝፉን።»

«የምን ውዝፍ?»

ከዚህ በኋላ ማን ያቁመኝ! ሚኒባሱ፣ ቁጥቋጦው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ስግደቱ... አንድ ሳላስቀር ተናዘዝሁ። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ተራውን ረስቶ ይሰማኛል።

«ጉድ ነው!» አሉ አያ ደሴ ጋቢያቸውን እያራገፉ። «ይች ሴት እውነት የምትናገር ስትወድቅ ነው ለካ!»

እግሬን ከፍ አድርገው ጉሉኮስ ሰቀሉልኝ፤ እስከ ማታም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁኝ። ዶክተሩ በመጀመሪያ ፍሬሕይወትን ይቅርታ ጠየቀ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «ያመለጠ ክኒን ተደራርቦ ተውጦ አይካካስም። ሕይወትዎን ሊያጡ ነበር እኮ!» አለኝ። የእህቴ አልጋ ፊቴ ላይ መጣብኝ።

ፍሬሕይወት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ምነው እትዬ፣ ስጠይቅዎ ቢነግሩኝ?»

«አንችስ ብትሆኝ! እየሳቅሽ ‹በደንብ ይወስዳሉ አይደል?› ስትይኝ ምን ልበልሽ?»

ካርዴን ገልጣ የታዘዘልኝን አየች። ከዚያ፣ «የምታመላልሰዋንኮ ዶክተሩን አማክረን፣ መንገድ ያለብዎ ቀን ሲመለሱ እንዲወስዷት ማድረግ ይቻል ነበር» አለች።

በቃ ይኸው ነው! ያን ሁሉ ቁጥቋጦ የታገልሁት ይችን ሳልጠይቅ ቀርቼ ነው!

ሰኞ ጥያቄው ተለወጠ። ፍሬሕይወት አሁን፣ «ሰው ነንና ይዘለላል። በዚህ ሳምንት የትኛውን ቀን ዘለሉ? ምን አስቸግሮዎ?» ነው የምትለው። ብታዩ፣ የአረንጓዴው መአት፣ የእኔም ጭምር፣ በአንድ ጠዋት ከየካርዱ ረገፈ! የመጀመሪያው ተናዛዥ አያ ደሴ ሆኑ፤ ክኒናቸውን ለካ ለሚስታቸው ሲያካፍሉ ኖረዋል። «እሷም ራሷን ያማታል፤ ብቻዬን ልዋጥ?» አሉ።

እኔም የሠርግ ቀሚሴን ብቻውን ትቼ፣ ክኒኔን በሰዓቱ መዋጥ ጀመርሁ። ባለፈው ቀጠሮ ዶክተሩ ለክቶኝ ፈገግ አለ። ደረቴን ነፍቼ ወደ መስኮቱ ሄድሁ።

«እትዬ ጥሩ፣ በዚህ ሳምንት የትኛውን ቀን ዘለሉ?»

«አንድም ቀን!» አልሁ። እውነቴን ነው፤ ከፈለጋችሁ አስምሉኝ!

ልጅቱ አረንጓዴውን መልሳ ልትለጥፍልኝ እጇን ስትዘረጋ፣ ከአግዳሚው ወንበር ላይ አያ ደሴ ጮኹ፦

«ልጄ፣ እንዳታምኛት! አታይም፣ በእግሯ ቆማ ነው የምትናገር!»