ከየዛፋችሁ መልሱ

«አለሁ» ማለት አንድ ፍጡር ባለበት ቦታ መኖሩን በገዛ አፉ የሚያረጋግጥበት ቃል ነው። ለመናገር ጉሮሮ ብቻ ይበቃል፤ ጉሮሮው የማን እንደሆነ ቃሉ አይጠይቅም።

እንስሳት ሁሉ አለቃ በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ነብር ሲመጣ አይተው የሚያስጠነቅቁ ዘበኞች ነበሩ። አለቃቸው ገመሬ የሚባል ሽማግሌ ዝንጀሮ ነበር። ሁሉም በአንድ ትልቅ ሾላ ላይ ተደርድረው፣ እሱ እያያቸው ይጠብቁ ነበር። በኋላ ከባድ የሳል ወረርሽኝ ገባና ተራራቁ ተባለ። ጦጢት ልጇን አዝላ ወንዝ ዳር ወዳለው ዋንዛ፣ ጉሬዛ ወደ ዝግባው፣ ጅግራ ወደ ግራሩ ሄዱ።

ወረርሽኙ አለፈ። በዚያ ሁሉ ወራት ነብሩ አንድ ግልገል እንኳ አልበላም፤ ከየአቅጣጫው ይታይ ነበርና። ከመክሳቱ የተነሳ የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር።

ገመሬ ግን እንቅልፍ አጣ። ባዶው ሾላ ላይ ብቻውን ተቀምጦ፣ «ሥራውስ እየተሠራ ነው፤ ልባቸው ከእኛ ጋር መሆኑን ግን በምን አውቃለሁ?» አለ። ብዙ አስቦ መመሪያ አወጣ። ፀሐይ አንድ ክንድ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ስም ይጠራል፤ እያንዳንዱ ከየዛፉ ሆኖ «አለሁ! ደስ ብሎኛል!» ብሎ ይጮኻል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ በየተራ ቀልድ ይነገራል፤ መሳቅ ግዴታ ነው።

ጦጢት ከዋንዛዋ ሆና፣ «ጋሼ ገመሬ፣ እኔ ስጮህ ኮሽታ አይሰማኝም፤ ነብሩ ግን የት እንዳለሁ ይሰማል። ልጅ ይዣለሁ እኮ!» አለች።

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ከጓደኞችሽ ትለያለሽ» አላት ገመሬ።

ነብሩ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ የሚሰማውን ማመን አቃተው። በሦስተኛው ቀን ዝግባው ላይ ወጣ።

«ጉሬዛ!» ሲል ገመሬ ተጣራ።

ከዝግባው አንድ ሻካራ ድምፅ፣ «አለሁ! እጅግ በጣም ደስ ብሎኛል!» ሲል መለሰ።

«ጎሽ! ሳሉ አልለቀቀህም እንዴ?»

«ትን ብሎኝ ነው ጌታዬ፤ ምሳ ላይ ነበርኩ።»

ጦጢት ደነገጠች። «ጋሼ፣ ይሄ ጉሬዛ አይደለም! ጉሬዛ ሲያማርር እንጂ ደስ ሲለው መች ሰምተን እናውቃለን?»

«መመሪያው ለወጠው!» አለ ገመሬ፤ በሾላው ግንድ ላይም በጥፍሩ «አለ» ብሎ ጫረ።

በማግስቱ ጅግራም በዚያው ሻካራ ድምፅ፣ ያውም ከዝግባው ላይ፣ ደስ እንዳላት ተናገረች። ገመሬ ሁለቱ በአንድ ዛፍ መሆናቸውን ሲረዳ፣ «ተቀራረቡልኝ!» ብሎ እንባው መጣ።

«ጦጢት!»

ጦጢት የልጇን አፍ በእጇ ሸፈነች።

«ጦጢት! ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠራሽ!»

እሷ በዋንዛው ጀርባ በኩል ወርዳ፣ ልጇን አዝላ ወንዙን ተሻግራ ነበር።

ገመሬ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «የወሩ ኮከብ ሠራተኛ ጉሬዛ ሆኗል። ሽልማትህን በአካል መጥተህ ውሰድ!» ሲል አወጀ።

«አሁኑኑ ጌታዬ» አለ ድምፁ፤ ከሾላው ሥር ነበር።

መዝገቡ ዛሬም ግንዱ ላይ ይነበባል። ጉሬዛ፦ አለ። ጅግራ፦ አለች። ጦጢት፦ የለችም።