ፈቃድ የሌለው ዝምታ

ጦርነቱ ስላለፈ፣ የሚመለከታቸው የበላይ አካላትም ወደ ሌላ ጦርነት ስለተዛወሩ፣ በወሰናችን ላይ ተፈጥሮ የነበረው ሥርዓት የለሽ ዝምታ በምን ዓይነት ዲፕሎማሲያዊ ጥረት እንደተወገደ ለታሪክ ማስፈር ይገባል ብዬ አምናለሁ። የምጽፈው ከሰው የሰማሁትን አይደለም። የቀበሌው ፀሐፊ እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት፣ ማኅተሙን የመታሁት፣ ዝናብ የመታውን ስምምነት በሩዝ ድስት ክዳን ላይ ዘርግቼ ያደረቅሁት እኔው ነኝ።

ጦርነቱ የተነሣው በአንድ ኮረብታ ነው። ኮረብታው ላይ ሦስት የዘንባባ ዛፎችና አንድ የፈረሰ የድንጋይ ደረጃ አለ። እኛ ካርታ አለን፤ ጎረቤቶቻችንም ካርታ አላቸው፤ ኮረብታው በሁለቱም ካርታ ላይ ስላለ ሁለቱም መንግሥታት ልክ ናቸው። ይህን ልክነታቸውን በመድፍ ማረጋገጥ ሲጀምሩ የፑም ትኖት መንደር ነዋሪዎች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልቀቁ ተባልን። ለቀቅን። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብለን ገዳሙ ግቢ ውስጥ ሸራ ወጥረን ሰፈርን። መድፍ ሦስት ኪሎ ሜትር አይደርስም ያለን የለም፤ ከዚያ በላይ የሚወስደን መኪና ስላልመጣ ብቻ ነው።

መንደር የቀሩት አንድ ሰው ናቸው፤ ታ ክዌን። እኛ ዘንድ ሽማግሌው ሁሉ ታ፣ አሮጊቷ ሁሉ ዬይ ናት። ታ ክዌን ከሁለት ዓመት በፊት የዘንባባ ጭማቂ ሊያወርዱ ወጥተው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ከዚያ ወዲህ አልተራመዱም። ሊሸከሟቸው የሄዱትን አራት ጎረምሶች “የእርሻ ጎሾቼን ለማን ጥዬ?” ብለው በከዘራ አባረሯቸው። ተኝተው ጎሽ እንዴት እንደሚጠብቁ ለመጠየቅ የደፈረ አልነበረም። ጎረምሶቹም በረጃጅም ምሰሶ ላይ ከቆመው ቤታቸው ሥር፣ በምሰሶዎቹ መሃል፣ አፈር የሞሉ ጆንያዎች ዙሪያውን ደርድረው አስተኟቸውና ተመለሱ።

ባለቤታቸው ዬይ ኒም ግን አንድም ቀን ጦማቸውን አላሳደሯቸውም። ለዚህ ምስጋናው የከበሮው ነው። መነኮሳት ከቀትር በኋላ እህል ስለማይቀምሱ በየቀኑ አምስት ሰዓት ላይ የገዳሙ ከበሮ ይመታል፤ ድምፁ በማጉያው ወጥቶ ኮረብታው ድረስ ይሰማል። ከኮረብታው ወዲህም ወዲያም የመሸጉት ወታደሮች ደግሞ ሁሉም እንዲህ ያለ ከበሮ እየሰሙ ያደጉ ናቸው። ከበሮው ሲመታ እጃቸው ቃታውን ትቶ ሩዝና የደረቀ ዓሣ ይፈታል። ከበሉ በኋላ ትንሽ ጋደም ማለት አለ። ሰባት ሰዓት ላይ ተነሥተው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ያዘዘ የለም፣ የፈረመም የለም። በነዚያ ሁለት ሰዓታት ዬይ ኒም ሩዝ፣ ኮምጣጣ የዓሣ ሾርባና የደም ግፊት ክኒን ብስክሌታቸው ላይ አሥረው ይሄዳሉ፤ ባላቸውን ያበላሉ፣ ያገላብጣሉ፣ ጎሾቹን አጠጥተው ይመለሳሉ። አሥራ ስምንት ቀን እንዲህ ኖርን።

እንዲህ ያለ ሕገወጥ ሁኔታ ለዘለዓለም ተሸፍኖ ሊቀር አይችልም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ለሁለቱም ወገን እኩል መሣሪያ የሸጠ በመሆኑ ገለልተኛነቱ የማያጠራጥር የአንድ ወዳጅ አገር ልዩ መልእክተኛ በአሥራ አንድ መኪና መጡ። ከመኪናቸው ሲወርዱ ቀትር ነበርና አገሩ ጭር ብሏል። ክቡርነታቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

“ይህን ዝምታ የፈረመው ማን ነው?” አሉኝ።

“ማንም አልፈረመውም ክቡርነትዎ።”

“የሚቆጣጠረውስ?”

የገዳሙ አለቃ ከጎኔ “ረሃብ” አሉ።

ክቡርነታቸው ይህን ማስታወሻቸው ላይ አልጻፉትም። አንድ ዝምታ ያለ ሰነድ ሲንከራተት ማየታቸው ልባቸውን እንደነካው፣ በቅርቡም ጽኑ መሠረት እንደሚያስይዙት ቃል ገቡልን። አጨበጨብን። የምናጨበጭብበትን ቦታ ረዳታቸው ቀደም ብላ አስጠንታን ነበር።

ድርድሩ በወዳጅ አገሪቱ የባሕር ዳርቻ ሆቴል ዘጠኝ ቀን ፈጀ። እጅግ ገንቢ ነበር። ክቡርነታቸው ፋታው ቀትር ላይ ይሁን ብለው ቢያቀርቡ የኛ ልዑካን “የኛ ወታደር አይራብም” ብለው ተቃወሙ። የማዶዎቹም “የኛማ ጭራሽ” አሉ። ቀትር በሙሉ ድምፅ ወደቀ፤ ሁለቱ ወገኖች ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያ የመጀመሪያቸው ነው ተብሎም ሌሊቱን ራት ተጋበዙ። በማግስቱ የኛዎቹ ስምንት ሰዓት ይሁን ሲሉ፣ የማዶዎቹ አሥር ሰዓት ሲሉ፣ ክቡርነታቸው መሃሉን ቆርጠው ዘጠኝ ሰዓት አደረጉት። ይህን ብልኅነታቸውን የሦስት አገር ጋዜጦች አወድሰውታል። በኛ አገር በክረምት ከስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሰማዩ ተቀዶ እንደሚወርድ ያስታወሳቸው አልነበረም። የሆቴሉ ጣሪያ አያፈስም።

የስምምነቱ ግልባጭ ሲደርሰኝ ለተፈናቃዩ በማጉያ አነበብኩ። በየቀኑ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰብአዊ ፋታ ይሆናል። በአንቀጽ አራት መሠረት ከዚህ ሰዓት ውጭ ተኩስ ማቆም ለጦር ማዘዋወሪያ ሽፋን ሊሆን ስለሚችል “ፈቃድ የሌለው ዝምታ” ተብሎ እንደ ጥሰት ይቆጠራል። በአንቀጽ ሰባት መሠረት ተዋጊዎችን የሚያዘናጋ ከበሮም ሆነ ደወል አይመታም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መነኮሳቱ ለምሳ በእጅ ይጠቃቀሱ ጀመር።

ስምምነቱ በጸና በመጀመሪያው ቀን፣ አምስት ሰዓት ሲሆን፣ መድፉ ከወዲህም ከወዲያም ምድሪቱን ይንጣት ጀመር። ሁለቱም ጦር ታማኝነቱን ለማሳየት ከወትሮው አብልጦ ነው የተኮሰው። ዬይ ኒም ምግቡን ጭነው፣ ብስክሌታቸውን የገዳሙ በር ላይ ይዘው ቆመዋል።

“ምን ሆነው ነው ዛሬ? ምሳ አልመጣላቸውም እንዴ?” አሉኝ።

“ዬይ፣ ስምምነት ተፈርሟል እኮ።”

“ታዲያ ለምን ይተኩሳሉ?”

“ስምምነቱን እያከበሩ ነው።”

“ልጄ፣ እስቲ ጥላ ሥር ግባ። ፀሐይ መትቶሃል” አሉኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደተባለው መድፉ ጸጥ አለ። ዝናቡም እንደ ልማዱ መጣ። ወንዙ ሞልቶ ወደ መንደራችን የሚያሻግረውን የሳንቃ ድልድይ ሸፈነው። ውሃው ቢጎድልም መንገዱ ለሰብአዊ እርዳታ ብቻ ስለተከለለ ከመኪና በቀር ማንም አይረግጠውም። የመጀመሪያው መኪና ገዳሙ ግቢ በሰዓቱ ደረሰ፤ የጫነውም ለርክክቡ ሥነ ሥርዓት የሚሆኑ ሁለት መቶ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያና የክቡርነታቸው ፎቶ ያለበት ሸራ ነበር። ሩዝና መድኃኒት የጫነው ሁለተኛው መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ነገር ግን ሥነ ሥርዓት ሥነ ሥርዓት ነውና፣ ለናሙና በመጣው ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ርክክቡ ተካሄደ። ላብ እያጠመቀን ነው እንግዲህ። ክቡርነታቸው “የዝምታውን ድምፅ አዳምጡ” ብለው ሲናገሩ የገዳሙ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሌላውን ንግግር ሁሉ በላው።

ብርድ ልብሱን እንዲቀበሉ የተመረጡት ዬይ ኒም ናቸው። ረዳቷ ፊታቸውን አይታ ነው የመረጠቻቸው፤ የሦስት ቀን ሳይሆን የሠላሳ ቀን ረሃብ ያለበት ፊት ነው አለችኝ። ፎቶው ተነሥቶ ሲያልቅ ዬይ ኒም ከመድረክ አልወርድ አሉ። ባሌ አልበላም፣ ልለፍ አሉ። ረዳቷ ጨዋ ልጅ ናትና ወዲያው ቅጽ አወጣች። እስክሪብቶውን እኔ ያዝኩ። ለማለፍ የሚፈቀዱት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ የእርዳታ ሥራ፣ ታማሚ ማውጣት፣ አስከሬን ማንሣት።

“ባለቤታቸው ታማሚ ናቸው” አልኳት።

“ይወጣሉ?”

“አይወጡም፣ እንቢ ብለዋል።”

“እንግዲያ ታማሚ ማውጣት አይደለም።” ጣቷ ወደ ሦስተኛው መስመር ወረደ። “ሞተዋል?”

“ኧረ አልሞቱም።”

“ለጊዜው የሚመጥን ነገር የለም” አለች፤ እውነቷን ነው፣ ከልቧ አዝናለች። ወደ ዬይ ኒም ዞራ እጃቸውን ያዘች። “የባለቤትዎ ሁኔታ ሲለወጥ ተመልሰው ይምጡ። ቅድሚያ እሰጥዎታለሁ።”

ዬይ ኒም ብርድ ልብሱን በጥንቃቄ አጥፈው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት። “ላንቺ ይሁን ልጄ። አንቺን ነው የሚበርድሽ” ብለው ወረዱ።

እንዲህ ሆኖ አራት ቀን ሄደ። ቀትር ላይ መድፍ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ። ተቆጣጣሪዎቹ በየዕለቱ የሚሞሉት ሠንጠረዥ ላይ ስምምነቱ መቶ በመቶ መከበሩ ይነበባል፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። ዬይ ኒም በየማለዳው ሾርባ ይሠራሉ፣ ብስክሌቱ ላይ ያሥራሉ፣ በሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ አመሻሹ ላይ ፈተው ለጎረቤት ይሰጣሉ። እኔ ማኅተሜን ይዤ በአጠገባቸው ሳልፍ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አፍሬ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የገዳሙ አለቃ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

“አንቀጽ ሰባት ምን ነበር የሚለው?”

“ከበሮ አይመታም ይላል አባታችን።”

“ለምሳም?”

“ለምንም።”

“ጥሩ ጽሑፍ ነው” አሉና ሄደው ከበሮውን መቱት። ሰዓቱ ልክ አምስት ነበር። ከኮረብታው አንድ መድፍ አጓራ። ሌላ ይከተላል ብለን ጠበቅን፤ አልተከተለም። ወታደሮቹ አራት ቀን ሙሉ በቀዘቀዘ ሩዝ አምሽተው ነበርና ያን ድምፅ ሲሰሙ አንቀጽ አራትን ማን ያስታውሳል? እኔ ወደ በሩ ዞር ስል ዬይ ኒም የሉም፤ ብስክሌቱም የለም።

የሆነው ሁሉ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ሆነ። ከሰዓት በኋላ የኛ መንግሥት ባወጣው መግለጫ ጎረቤታችን ቀትር ላይ ተኩስ በማቆም ስምምነቱን በግላጭ ጥሷል ብሎ አወገዘ። ጎረቤታችንም ቀድሞ ያቆመው ማን እንደሆነ ዓለም ያውቃል ብሎ መለሰ። ሁለቱም ለተፈጠረው ዝምታ ኃላፊነቱን እንደማይወስዱ አስታወቁ። በነጋታው ስምምነቱ ፈረሰ። ክቡርነታቸው በጥልቅ ማዘናቸውን ገልጸው፣ ወንበሮቹን አስጭነው፣ በአሥራ አንድ መኪና ሄዱ። የሩዙን መኪና ጎትቶ የሚያወጣ ስላልነበረ እዚያው ተትቶ ቀረ፤ ሩዙን ተሸክመን አመጣነው።

ዬይ ኒም ያን ዕለት ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ተመለሱ። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ብስክሌቱን አስደግፈው ባዶውን ድስት አወረዱ።

“ሾርባው ጨው አንሶታል አለኝ” አሉ። “አራት ቀን እጁ የደረሰበትን ጥሬ ካሳቫ ሲበላ፣ ከጣሪያው የሚወርድ የዝናብ ውሃ ሲጠጣ ቆይቶ፣ ጨው አንሶታል ይለኛል።” ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ሁለት ሳምንት ያህል በሰላም ተዋጋን። አንድ ቀን ግን አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የቀበሌው ስልክ ጮኸ። የሌላ ወዳጅ አገር ሌላ ልዩ መልእክተኛ ናቸው። ድምፃቸው ርኅሩኅ ነበር።

“እናንተ ዘንድ ቀትር ላይ ዝምታ አለ የሚባል ነገር ሰማሁ። እውነት ከሆነ መጥቼ ላጠናክረው እፈልጋለሁ።”

ቀና ስል ዬይ ኒም ብስክሌታቸው ላይ ሊወጡ ነው። የገዳሙ አለቃ ደግሞ ዱላውን ይዘው ከከበሮው አጠገብ ቆመዋል። ስልኩን በእጄ ሸፍኜ በሹክሹክታ የሆነውን ነገርኳቸው። አለቃው ከበሮውን ይደልቁት ጀመር። ሴቶቹ ነገሩ ወዲያው ገብቷቸው ድስትና ቆርቆሮ አነሡ። ግቢው ተናወጠ።

“ይሰማዎታል ክቡርነትዎ?” ብዬ ጮህኩ።

“አሰቃቂ ነው! በየቀኑ እንዲህ ነው?”

“በየቀኑ፤ ከአምስት እስከ ሰባት።”

በእንዲህ ያለ ሁኔታ ለመምጣት የጸጥታ ደንባቸው እንደማይፈቅድ፣ ሁኔታውን ግን ከሩቅ በቅርበት እንደሚከታተሉ ነገሩኝ። ዬይ ኒም በአጠገቤ ሲያልፉ “ኧረ ቀስ አድርጋችሁ ምቱ፣ ሽማግሌዬን እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል” ብለው ሄዱ።

ያን ዕለት “ቀትር ላይ ከባድ ውጊያ አለ” የሚል ሪፖርት ጽፌ ማኅተም መታሁበት። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ከጽሕፈት ቤታችን ወጥቶ ሰው የጠቀመ ሰነድም እሱ የመጀመሪያው ነው።