ሁለት ቀን ያረፈ ቡና

አንዳንዱ ሰው ደስ ይበለኝ ብሎ የሚሠራውን ሥራ ሌላው እንዳልሰደብ ብሎ ይሠራዋል። ይህን ያወቅሁት በስልኬ ነው። እናንተም ስልካችሁን ከፍታችሁ ብትፈልጉ፣ የእናንተን የዕለት ልፋት እንደ ጨዋታ ይዘው ተሰብስበው የሚወያዩበት ሰዎች አታጡም። እኔ ያገኘሁት ቡና የሚቆሉትን ነው።

ፌስቡክ ላይ ናቸው። አንዱ ቤቱ የቆላውን ቡና እንደ አራስ ልጅ ፎቶ አንስቶ «ቀለሙ እንዴት ነው?» ይላል፤ ሌላው በሚዛን መዝኖ፣ በቴርሞሜትር ለክቶ፣ ፍሬው መንጣጣት የጀመረበትን ደቂቃ ይጽፋል። እኔ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ፣ ልጄን አዝዬ በቀን ሁለት ጊዜ እቆላለሁ፤ ደቂቃውን የምታውቀው ልጄ ናት፤ ሲንጣጣ ታለቅሳለች። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ስለተውሁ አፍሬ ዝም ብዬ አነብብ ነበር እንጂ አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም።

እነሱ ዘንድ የገባሁበት ምክንያት አማቴ እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። እዚህ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የኔን አቦል ቀምሰው «አረረ» ወይም «ጥሬ ነው» ይሉና ሲኒያቸውን ይደፋሉ። ሁለተኛውን፣ ቶናውን፣ አንድ ቀን እንኳ ከእጄ ጠጥተው አያውቁም። እኔም ሌላ አልተመኘሁም። አንዲት ቶና።

ታዲያ አንድ የአዲስ አበባ መሐንዲስ «ቡና በተቆላበት ቀን አይጠጣም፤ ሁለት ቀን ማረፍ አለበት» ብሎ ጻፈ። እውነቴን ነው፣ በዚህ ቤት የሚያርፍ ነገር መገኘቱ ብቻ ደስ አለኝ። ሐሙስ እትዬ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ቆላሁና በጣሳ ከድኜ ደበቅሁት። ቅዳሜ ጎረቤታችን ወይዘሮ የሺ ሲመጡ ወቅጬ፣ አፍልቼ አቀረብሁ።

እትዬ ሲኒውን አሸተቱ፤ ምድጃውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«መች ተቆላ?»

ወይዘሮ የሺ ቀደሙኝ። «የማንን እንግዳ ትራፊ ነው የምታጠጭን፣ የኔ ልጅ?»

በኛ አገር እንግዳ ፊት ያልተቆላ ቡና «ጠጥታችሁ ቶሎ ሂዱ» ከማለት አይለይም። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ስልክ ግን የሚታወቀውንም ያስረሳል።

«ትራፊ አይደለም፤ አርፎ ነው» አልሁ።

«ማን?»

«ቡናው።»

«ምን ሲሠራ ደክሞት?» አሉ እትዬ፤ ሲኒውን ሳይቀምሱ ገፋ አደረጉት።

የማደርገው ሳጣ ስልኬን አውጥቼ ሰዎቹን አሳየኋቸው። እትዬ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ለማን ነው የሚቆሉት?»

«ለራሳቸው።»

«ጎረቤት የላቸውም?»

ፎቶዎቹን መልሼ አየሁ። እውነትም በየፎቶው ያለው ሲኒ አንድ ብቻ ነው።

«ምስኪኖች! ማረሩን ማን ይነግራቸዋል?» አሉ እትዬ፣ ከልባቸው አዝነው። «በይ ተነሺ፣ አሁን እዚሁ ቁዪ።»

ልጄን አዝዬ እንደገና ቆላሁ። ገና ሳይንጣጣ ሦስት ጊዜ «አረረ!» አሉኝ። አቦሉን ጠጡ። «አረረ» አሉ። ሲኒውን ግን አልደፉም።

ተሳክቶልኝ ይሁን ወይስ ለነዚያ ብቸኞች አዝነው፣ አላውቅም። ቶናውን ቀዳሁላቸው። ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን ነገር ቁጭ ብዬ ላየው ስል፣ «ሦስተኛውንም ጣጂው እንጂ» አሉ።

ጀሪካኑ ባዶ ነበር። ልጄን እንዳዘልሁ ወደ ቦኖ ወረድሁ። መሐንዲሱ ቡናው ሁለት ቀን ይረፍ አለ እንጂ፣ ስለቆላችው ሴት የጻፈው ነገር የለም።