ሊቀ ሚዛን ዘመነ ላለማድላት ሲጨነቁ

በየአገሩ «እኔ ከማንም አልወግንም» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፤ ካጣችሁት ጎረቤታችሁን ጠይቁ፣ እሱም ካላወቀው እናንተው ናችሁ። ሮብ ገበያ አጠገብ ባለው ደብራችን ይህ ሰው ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ዘመነ ናቸው። ማንም ሳይሾማቸው «ሊቀ ሚዛን» እንላቸዋለን።

ሊቀ ሚዛን ሰርግ ሲጠሩ በሙሽራው ዘመድና በሙሽራይቱ ዘመድ መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ ፈልገው ይቀመጣሉ። ቀይና አልጫ ወጥ ከቀረበላቸው ከዚህ አንድ ጉርሻ፣ ከዚያ አንድ ጉርሻ፤ አንዱ እንዳይቀየማቸው። አንድ ጊዜ የጎረቤታቸው የጌቱ ውሻ ባታቸውን ዘነጠለው። ጌቱ ደንግጦ ዱላ ሲያነሳ እሳቸው ደማቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፍነው፣ «ቆይ እንጂ! የውሻውም ወገን ይሰማ!» አሉ።

ዘንድሮ ግን ሚዛኑ ራሱ ታመመ። ለኅዳር ሚካኤል ታቦቱ ከወይራው ሥር ሲያርፍ የደብሩን ታሪክ ለሕዝቡ እንዲናገሩ ተመረጡ። በጣሊያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ታቦቱን ተሸክሞ ዋሻ ያደረሰው ቄስ የላይ መንደር ሰው ነው ወይስ የታች መንደር? ላይም «የኛ» ይላል፣ ታችም «የኛ» ይላል፤ ያየ ሰው በሕይወት የለም። በዚሁ ነገር አምና የሁለቱ መንደር ማኅበር ለሁለት ተከፍሏል። ዘንድሮም ከተቀያየሙ በአንድ ታቦት ፊት መቆሙ ያበቃል።

የሊቀ ሚዛን እናት ደግሞ የታች መንደር ልጅ ነበረች። እንዲህ እያለች ነው ያሳደገቻቸው፦

«እሹሩሩ ልጄ፣ አታልቅስ በከንቱ፣
በአያትህ ራስ ላይ ነው የዳነው ታቦቱ።»

በዋዜማው ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ባለቤታቸው የብርጓል ጥጥ ትፈትላለች፤ እሳቸው ከደጅ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ደጅ ይመላለሳሉ።

«የብርጓል፣ ይህን ያመንኩት እውነት ስለሆነ ነው ወይስ እናቴ ስላዜመችልኝ?»

«እኔ ምን አውቄ! እኔን እሹሩሩ ያለችኝ የራሴ እናት ናት።»

«በቃ፣ ለላይ መንደር እፈርዳለሁ። ያኔ አዳላ የሚለኝ የለም።»

እንዝርቱ ቆመ። «እግዚኦ! ላለማድላት ብሎ የሚያዳላ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ቃሉ ከእናትህ አፍ ስለወጣ ብቻ ልትጥለው ነው? ውሻውን እንኳ ሰምተኸው የለ!»

ሊቀ ሚዛን መመላለሱን ትተው ተቀመጡ። ጭንቀቱ ግን አልለቀቃቸውም።

በማግስቱ ታቦቱ ከወይራው ሥር አረፈ። በቀኝ ላይ መንደር፣ በግራ ታች መንደር ቆሟል፤ መካከሉ ባዶ ሣር ነው። ሊቀ ሚዛን ዕድሜ ልካቸውን የቆሙት እዚያ ሣር ላይ ነበር። እንደምንም እየተጎተቱ ወደ ግራ ሄዱ።

«እናቴ የዚህ መንደር ልጅ ናት። ይህን ይዛችሁ ስሙኝ» አሉና እሹሩሩውን አዜሙት።

ታች መንደር በእልልታ ቀለጠ። ከላይ መንደር አንዱ «ይኸው! ሚዛናችን ተሰበረ!» ብሎ ጮኸ። አንዳንዶቹም ጃንጥላቸውን አጥፈው ወደ ቤታቸው መንገድ ዞሩ።

«ቆዩ እንጂ! ገና መቼ ጨረስኩ!» አሉ ሊቀ ሚዛን። «አባ አካለ ወልድ፣ የእርስዎንም ይበሉልን። ሳልሰማ አልሄድም።»

የላይ መንደሩ ሽማግሌ ቄስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ሣሩ ወጡ። ከዚያ፦

«በረዶው ሲወርድ፣ ጨለማው ሲከፋ፣
የላይ ቄስ ባይሸከም ታቦቱ በጠፋ።»

የአባ ድምፅ የተሰበረው የሊቀ ሚዛን እናት እሹሩሩ ስትል ድምፅዋ ይሰበርበት በነበረው ስፍራ ላይ ነው። ሊቀ ሚዛን እንባቸው ወረደ።

«አመንከኝ ልጄ?»

«አላመንኩም አባ። ያሳመነዎትን ግን ሰማሁ።»

የዞሩት ተመለሱ። ታቦቱ እስኪገባ ሁለቱ መንደሮች እየተከራከሩና እየዘመሩ በአንድ መንገድ ተከተሉት። እኛም ሊቀ ሚዛን ማለታችንን አልተውን፤ እንዲያውም ያን ቀን ነው በደንብ የወደድናቸው።

ቤት ሲደርሱ ማዕድ ቀረበ።

«ቀዩን ጨምሪልኝ» አሉ።

የብርጓል ጭልፋውን እንደያዘች ዓይኗ ፈጠጠ። «አልጫው እንዳይቀየም?»

«ይቀየም። ነገ እታረቀዋለሁ።»