እሜቴ ትሁንና የስንዴው ሰልፍ

ሦስት ሰው በቆመበት ቦታ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው ሰልፍ የሚያስከብር አንድ ሰው አይጠፋም። ዳቦ ቤት አይታችሁታል፤ ቀበሌ አይታችሁታል። እኔ ግን የሁሉንም አለቃ ያየሁት በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ላስታ ውስጥ ብልባላ ላይ ነው። ክብርት እሜቴ ትሁን ይባላሉ።

ያን ጊዜ ጦርነቱ መንገዱን ስለዘጋው፣ ስንዴው ወደ ላስታ የሚመጣው በሰማይ ነበር። የፈረንጆቹ አውሮፕላን ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይልና ዝቅ ብሎ ጆንያዎቹን ሜዳው ላይ ይጥላል። እኔ የአንድ እርዳታ ድርጅት እህል ሰፋሪ ነበርሁ፤ በጣሳ እየሰፈርሁ አድላለሁ። ረሀብ የሰዉን እርምጃ አዘግይቶታል፣ ድምፁን አርቆታል። አንዳንድ ጠዋት ቀና ብዬ ሳይ፣ ሰልፉ መሬት ሳይሆን ደመና ላይ የቆመ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ህልም መሀል የነቃ ሰው እሜቴ ትሁን ብቻ ነበሩ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን የገብስ ገበሬ፣ የወይራ በትራቸውን ይዘው ከፊት ወደ ኋላ ይመላለሳሉ። "ጅራቱ ወዲያ ነው" ይላሉ፤ ሌላ ንግግር አያበዙም። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ወደ ፊት ጠጋ ቢሉ መስቀላቸውን ተሳለሙና "አባቴ፣ ይባርኩኝ። ጅራቱ ወዲያ ነው" አሏቸው። ቄሱም ሰዉን እየባረኩ ወደ ኋላ ሄዱ። ንግግር ሊያደርግ የመጣ ካድሬ ማን እንደመረጣቸው ቢጠይቅ፣ በበትራቸው የሰልፉን መጨረሻ አሳዩት። ሊጎበኝ የመጣ አንድ ፈረንጅማ "ጅራቱ ወዲያ ነው" ሲሉት ምርቃት መስሎት እጅ ነሣና ከአንዲት ነፍሰ ጡር ኋላ ግማሽ ቀን ቆመ።

እውነቱን ለመናገር፣ አልወዳቸውም ነበር። አጠገቤ ቆመው ጣሳዬን እንኳ ይቆጣጠሩብኛል።

አንድ ጠዋት አውሮፕላኑ መጣ። ጆንያዎቹ መጀመሪያ ድምፅ የላቸውም፤ ዝም ብለው፣ ቀስ ብለው የሚወርዱ ይመስላሉ። ከዚያ ምድር ተንቀጠቀጠች። አንዳንዱ ፈንድቶ ስንዴው በጉሙ ውስጥ ሲረጭ፣ ሰዉ ሰልፉን ጥሎ ወደ ሜዳው ሮጠ። አውሮፕላኑ ግን የቀረውን ሊጥል እየዞረ ነበር። እሜቴ ትሁን ከሁሉም ፊት ቀድመው በትራቸውን አግድም ይዘው ቆሙ።

"አልጨረሰም፤ ተቀመጡ" አሉ።

ሰዉ እሳቸውን መታዘዝ ስለለመደ፣ ሳያስብ ተቀመጠ። ቀጣዩ ጆንያ ከእሳቸው በስተኋላ፣ ሃያ እርምጃ ላይ ወደቀ። አቧራው ሲገለጥ፣ ከራስ እስከ እግር አፈር ለብሰው እዚያው ቆመዋል።

የዚያን ቀን ስንዴው ያለቀው አንድ ሰው ሲቀር ነው። የቀሩት እሳቸው ነበሩ። ሜዳው ላይ ጎንበስ ብለው ከአፈር የተቀላቀለ ስንዴ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ለምን ቀድመው እንዳላሰፈሩ ጠየቅኋቸው።

"እኔ ፊት ከቆምሁ ማን ያምነኛል፣ ልጄ?" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ለካ ሁልጊዜም መጨረሻ ይቆሙ ኖሯል። እኔ አቀርቅሬ ስሰፍር ልብ አላልሁም።

በሚቀጥለው እደላ ሰልፉ ራሱ አመፀባቸው። ገና እንደመጡ፣ የመጨረሻው ሰው ክንዳቸውን ይዞ "ይለፉ፣ እናታችን" አለና ከፊቱ ላለው አስረከባቸው፤ እሱም ለሚቀጥለው። እየተቆጡ፣ በትራቸውን እያነሡ፣ ከእጅ ወደ እጅ በጉሙ ውስጥ እየተንሳፈፉ እኔ ዘንድ ደረሱ።

ጣሳውን ቆልዬ ሞላሁላቸው። ትርፉን በመዳፋቸው ጠርገው ወደ ጆንያው መለሱ።

"ልክ ስፈር" አሉኝ።

እንደገና ቆለልሁ። እንደገና ጠረጉ። ሦስተኛ ጊዜ ስቆልል፣ መዳፋቸው ስንዴው ላይ አረፈ፤ ግን አልጠረገም። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። የኔም። ከኋላ ያ ሁሉ የራበው ሰው ጠበቀን፤ አንድም የቸኮለ አልነበረም።