የተቆለፈው ሲዲና የትዕግሥት ጆሮ

እኛ ሰፈር ሲዲ የወፍ ማባረሪያ ሆኗል። ቀጨኔ ውስጥ ጓሮው ጎመን የተከለ ሰው ሁሉ ሁለት ሦስት ሲዲ በክር አንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። ነፋስ ሲነካው ያብለጨልጫል፣ ወፏም ትበረግጋለች። ወይ ጊዜ! በዚህች ክብ ነገር ሰው ፍርድ ቤት የተካሰሰባት ዘመን እኮ ሩቅ አይደለችም። አንተ በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። የተከሳሿን መልስ የጻፍኩት እኔ ነኛ!

ሥራዬ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ድሮ በታይፕራይተር፣ አሁን በላፕቶፕ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ለጠበቃ አቅም ያጣ ሰው ግን እኔን አያጣም። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ቢያንስ የተማርኩ ይመስለኝ ነበር። ምንድን ነው? መጀመሪያ ካድ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ? ከሳሽ ያስረዳ፤ አንተ ምን አቻኮለህ?

ትዕግሥት አዲሱ ገበያ ታክሲ ማቆሚያው አጠገብ ቴሌቪዥንና ዴክ የምትጠግን ሴት ናት። ያኔ አርባዎቹ ውስጥ ነበረች። የሷን አሠራር ያላየ ሰው ጥገና አይቷል አልልም። ሌላው ጠጋኝ ዕቃ ሲመጣለት ብሎን መፍቻውን ያነሳል። እሷ ጆሮዋን ነው የምታስጠጋው። ዝም ብላ ታዳምጣለች። ከዚያ «ሞተሩ ደክሞታል» ወይም «ሌንሱ ቆሽሿል» ትላለች። ስትከፍተው እንዳለችው ነው። ሐኪም ብትሆን ኖሮ ስንት ሰው ባተረፈች!

አንድ ቀን እትዬ በላይነሽ አንዲት ሲዲ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መጡ። የቀጨኔ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ጋሽ ወርቁ ሸማኔ ነበሩ። ጋሽ ወርቁ በሕይወት ሳሉ አንድ የፊልም ሰው በሰፈሩ ሲያልፍ መልካቸውን ወደደውና «አባባ፣ ሽማግሌ ሆነው ይሠሩልኛል?» አላቸው። የተጣሉ ወንድማማቾችን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ሆነው ሠሩ። ፊልሙ ላይ የታዩት ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ግን ሰውየው ሞቱ፤ ፎቷቸው ግድግዳ ላይ አለ፣ ድምፃቸው ያለው እዚያች ሲዲ ላይ ብቻ ነው።

«ከዳሩ መላጥ ጀምሯል ልጄ» አሉ እትዬ በላይነሽ። «አንዳንዴ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ይጠፋል። ሳይጠፋብኝ ሌላ ላይ ገልብጪልኝ።»

«ይሄማ ቀላል ነው እትዬ፤ ነገ ይምጡ» አለች ትዕግሥት።

ቀላል! ሲዲውን ኮምፒውተር ውስጥ ከተተችው፤ ኮምፒውተሩ ደረቀ። አጥፍታ አበራችው፤ ደገመ። ዴክ ላይ ስታጫውተው ግን ፊልሙ ደህና አድርጎ ይሄዳል። ያኔ ገባት፤ ሲዲው ተቆልፏል። የፊልሙ ባለቤት አቶ ደሳለኝ የመጀመሪያ ፊልሙን ገና በወጣ በሳምንቱ እያባዙ መንገድ ላይ ዘርግተው ሲሸጡበት አይቷል። ይሄን ሁለተኛውን የሠራው መኪናውን ሸጦ ነው። ስለዚህ በሙያ የተካነ ሰው ፈልጎ አስቆለፈው። ይፈረድበታል? እኔ አልፈርድበትም። የለፋበትን ነገር በሌላ ሰው እጅ ሲቸረቸር ያየ ሰው ቢቆልፍ ምን ይገርማል።

በማግስቱ እትዬ በላይነሽ መጡ። «ነገ» ተባሉ። ነገም መጡ። በአራተኛው ቀን ትዕግሥት እውነቱን ነገረቻቸው።

«እትዬ፣ እንዳይቀዳ ተደርጎ ነው የተሠራው። አልቻልኩም።»

ሴትየዋ አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። «እንዲያው ጆሮሽን ብታስጠጊው?» አሏት።

ትዕግሥት ስትነግረኝ «ጋሼ፣ አፈርኩ» ነው ያለችኝ። በቃ፣ የዴኩን ክዳን አወለቀችና ጆሮዋን አስጠጋች። ፊልሙን አታይም፤ ሌንሱ የሚሄድበትን ድምፅ ነው የምታዳምጠው። ሲሄድ ሲሄድ፣ ድንገት ጢክ ይልና ይዘላል። እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ይዘላል። የሚዘልበትን ደቂቃ ደብተር ላይ ጻፈች። ከመጀመሪያ ጀምራ አዳመጠች፤ መዝለያው ያው ነው፣ አይለወጥም። ነገሩ ተገለጠላት። ቆላፊው ሲዲው ላይ ሆን ብሎ የተበላሹ ቦታዎች አስቀምጧል። ዴክ የታዘዘውን መንገድ ብቻ ስለሚሄድ እነሱን ዘሎ ያልፋል። ኮምፒውተር ግን ለመቅዳት ሲነሳ ሁሉንም ካላነበብኩ ይላል፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ይቀራል። የቀጨኔን ቁልቁለት በክረምት የወረደ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ የሰፈሩ ልጅ ጭቃውን እየዘለለ ይወርዳል፣ እንግዳው ነው የሚዘፈቀው።

እሷም ኮምፒውተሯን የሰፈር ልጅ አደረገችው። ዝለል ባለችው ቦታ ሁሉ እንዲዘል አዘዘችው። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ አሥራ አምስት ቀን ፈጅቶባታል። አንድ ቅጂ ወጣ። እትዬ በላይነሽ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆመው የባላቸውን ድምፅ ሰሙ። «ወርቁ» አሉና ቴሌቪዥኑን በመዳፋቸው ነኩት። ትዕግሥት ሌላ ሥራ ያለባት መስላ ፊቷን አዞረች።

ታዲያ ወሬ እግር አለው አይደል? ሲዲ እያባዛ የሚሸጥ አንድ ሰው ሰማ። መጥቶ አከፋፈቱን አሳዪኝ አላት። እምቢ አለች። ለመነ፤ እምቢ። አኩርፎ ሄደና ያቺ ሴትዮ የአቶ ደሳለኝን ፊልም ሰብራ እያባዛች ነው ብሎ አስወራ። አቶ ደሳለኝ ሰማና ከሰሰ።

ትዕግሥት መጥሪያውን ይዛ እኔ ጋ መጣች። እኔም የለመድኩትን አልኩ፤ «አልሰበርኩም፣ ሲዲውን አላውቀውም ብለን እንጽፋለን።»

«ሰብሬያለሁ እኮ።»

«እሱን እኔና አንቺ ነን የምናውቀው።»

«ጋሼ፣ አሥራ አምስት ቀን የለፋሁበትን ነገር አልሠራሁም ልበል? ሰብሬያለሁ ብለው ይጻፉ። አንድ ቅጂ ለአንዲት ሴት ሰጥቻለሁ፣ አልሸጥኩም። በቃ።»

እንዳለችው ጻፍኩት። በሙያዬ እንዲህ ያለ መልስ ጽፌ አላውቅም። በልቤም ጨረስኳት አልኩ።

የቀጠሮው ቀን እኔም ሥራዬን ትቼ ችሎቱ ውስጥ ገባሁ። ዳኛዋ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። የከሳሽ ምስክር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው አባዡ! ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ኮት ለብሶ።

«ተከሳሿ ሲዲውን ስትሸጥ አይተሃል?» አሉት ዳኛዋ።

«አላየሁም፣ ክብርት ዳኛ።»

«መቆለፊያውን መስበሯን በምን አወቅህ?»

«አሳዪኝ ብያት እምቢ ስላለችኝ ነው።»

«ለምን እንድታሳይህ ፈለግህ?»

ምስክሩ የኮቱን ቁልፍ መነካካት ጀመረ። ኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አቶ ደሳለኝ ምስክሩን ያየበት ዓይን አይረሳኝም። ለካ አባዦችን በወሬ እንጂ በመልክ አያውቃቸውም ነበር፤ ያን የመጀመሪያ ፊልሙን የበላበትን ዓይነት ሰው ራሱ ይዞ መጥቶ ምስክር አቁሟል።

ዳኛዋ ቅጂው ይታይ አሉ። ላፕቶፕ ቀረበ። ጋሽ ወርቁ ብቅ አሉ፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በሁለቱ ወንድማማቾች መሃል ተቀምጠው። «ልጆቼ» አሉ፣ «ድር ቢበጠስ ይቀጠላል እንጂ ሸማው አይጣልም።» እትዬ በላይነሽ ከወንበራቸው ተነሱ። ማንም ተቀመጡ አላላቸውም።

አቶ ደሳለኝ እጁን አወጣ። «ክብርት ዳኛ፣ ይሄ ንግግር እኔ የጻፍኩት አይደለም። ሌላ ነበር የሰጠኋቸው። ጠፋባቸውና ይሄን ከራሳቸው ተናገሩ። እኔም የተሻለ ስለሆነ ተውኩት።» ቀጠለና «ዋናው ቅጂ እኔም ጋ የለም። ኮምፒውተሬ ሲበላሽ አብሮ ጠፍቷል። የቀረኝ እንደሳቸው የተቆለፈው ነው» አለ።

ፍርዱ አጭር ነበር። አንድ ሰው ለግሉ አንድ ቅጂ ቢይዝ ሕጉ አይከለክልም፤ ተሸጠ የሚል ማስረጃ አልቀረበም፤ ክሱ ውድቅ ነው። ከዚያ ዳኛዋ ትዕግሥትን አይተው «አከፋፈቱን ለማንም እንዳታስተምሪ» አሏት።

«እንደማላስተምርማ ምስክሩ ራሱ ተናግሯል» አለች።

በሳምንቱ አቶ ደሳለኝ አዲሱ ገበያ መጣ። የራሱን ፊልም እንድትከፍትለት ሊለምናት። ከፈተችለት። ሻይ ጋብዟት ሲወጡ ያየኋቸው እኔ ነኝ፤ የተካሰሱ ሰዎች አይመስሉም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን ሁለቱንም ወደድኳቸው። እሱን ስለ ልፋቱ ስለተሟገተ፣ እሷን ስለ ልፋቷ ስላልዋሸች።

እኔም ተለወጥኩ። ለስንት ዓመት ካዱ እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ እውነት ነው የሚያወጣ ብዬ ቆረጥኩ። በወሩ አንድ ሰው መጣ፤ የጎረቤቱን አጥር አንድ ክንድ ገፍቷል ተብሎ ተከሷል።

«ገፍተሃል?» አልኩት።

«ለእርስዎ ምን እዋሻለሁ፣ ገፍቻለሁ።»

«እንግዲያው ገፍቻለሁ ብለን እንጻፍ። እውነት ያድናል» አልኩትና የትዕግሥትን ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ተረኩለት። አምኖኝ ፈረመ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ተፈረደበት። አጥሩን ነቅሎ እንዲመልስ፣ ኪሳራም እንዲከፍል። እየተንደረደረ መጣና ጠረጴዛዬን መታው። «ያቺ ሴትዮ ሰብሬያለሁ ብላ ነጻ ወጣች አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

«እኔስ ታዲያ?»

ምን ልበለው? እውነት የሚያድነው መጀመሪያ ያልሰረቀውን ነው ልበለው? ላፕቶፔን ከፈትኩና «ይግባኝ እንጻፍ» አልኩት። «አልገፋሁም ብለን።»