ኮምፒውተሩን ማን አበላሸው?

በቤታችሁ ብርጭቆ ከእጃችሁ አምልጦ ሲሰበር ምን ትላላችሁ? «ክፉውን ይዞ ይሂድ» ብላችሁ ስባሪውን ጠርጋችሁ ትጥላላችሁ፤ በቃ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብርጭቆ ግን ክፉውን ይዞ አይሄድም። ሰው ይዞ ነው የሚሄደው። የወንበር እግር ቢወልቅ፣ የበር ማጠፊያ ቢላቀቅ፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ቃል ይሰጣል፣ «መጨረሻ የነካው ማን ነው?» ይባላል። እንደ መሥሪያ ቤቶቻችን እምነት ከሆነ ዕቃ አርጅቶ ወይም ታሞ አይሞትም፤ ሁልጊዜ ገዳይ አለው። ይህን ስል የምቀልድ ከመሰላችሁ የመንግሥት ዕቃ ተረክባችሁ አታውቁም ማለት ነው።

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ክልል መሆንን ገና በምትለማመድበት ዘመን ነው። እኔ በከተማዋ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ቢሮዎቹ አዳዲስ፣ ማኅተሞቹ አዳዲስ፣ ኮምፒውተሮቹም ገና ላስቲካቸው በቅጡ ያልተገፈፈ። ኮሚቴው ብቻ አሮጌ ነበር፤ እሱን ከደጋ ይዘን የመጣነው እኛው ነን።

ከተማሪዎቼ አንዷ አሪየት ትባላለች። እዚያው ጋምቤላ ተወልዳ ያደገች፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ እንደ ልቧ የምትስቅ፣ በአማርኛ ግን ቃል መርጣ የምትናገር ልጅ ናት። ትምህርቷን ጨርሳ በአንዱ ቢሮ በጊዜያዊ ጸሐፊነት ተቀጠረች፤ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤዋም ለፊርማ ቀረበ። ይሄኔ ነው የቢሮው ኮምፒውተር አንድ ጠዋት አልነሳም ያለው። መስኮቱ ጥቁር፣ ከላዩ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ፤ መነሻ ፋይሌ ጠፋብኝ ነው የሚለው። በዋዜማው እሷ ስትጽፍ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ መጥቶ ሲሄድ እንደዋለ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ኮሚቴው ግን አሪየትን አገኘ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ደብዳቤዋም «የጥፋቱ ባለቤት እስኪታወቅ» ተብሎ መሳቢያ ገባ።

«ቲቸር፣ እኔ ምንም አላበላሸሁም» አለችኝ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ። «መብራት ጠፋ፣ ከዚያ እሱም ጠፋ። አሁን ሥራዬን ሊወስዱ ነው።»

ደሜ ፈላ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚዘጋ ከእኔ በላይ ትጠነቀቃለች።

መድኃኒቱ ማስነሻ ፍላሽ ነበር። ባትሪው የሞተ መኪና ከሌላ መኪና ባትሪ ተበድሮ እንደሚነሳ ሁሉ፣ የራሱ መነሻ የጠፋበት ኮምፒውተርም በፍላሽ ይነሳል። ታዲያ ፋይል ገልብጦ መሰካት ብቻ አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ እንደ ገዛ መነሻው እንዲቀበለው ተደርጎ መሰናዳት አለበት። በዚያን ጊዜ ፍላሽ በከተማው እንደ ልብ አይገኝምና ቢሮው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አስመጣ። እኔም ከሰዓት በኋላውን ሙሉ፣ ላቤ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አሰናዳሁት። ሞከርኩት፤ አስነሳ። ደስ ብሎኝ ወደ ቢሮው ይዤ ብከንፍ የሥራ ሰዓት አልቋል። የንብረት ክፍል ኃላፊም የኮሚቴው ሰብሳቢም የሆኑት አቶ ደምሰው በር ላይ አገኙኝና «የመንግሥት ንብረት ውጭ አያድርም» ብለው ተቀበሉኝ። ልክ ናቸው ብዬ ሰጠኋቸው።

አቶ ደምሰው ሌባ አይደሉም። ስናደድ እንዲያውም ሌባ ቢሆኑ ይሻል ነበር እላለሁ። እጃቸው ንጹሕ ነው፤ ችግሩ እጃቸው ላይ ያለው ብሩሽ ነው። የመንግሥት ወንበር ጀርባ ላይ በቀይ የዘይት ቀለም የሚጻፈውን ቁጥር መቼም አይታችኋል። እሳቸው ወንበር ላይ አላቆሙም። መጥረጊያው ቁጥር አለው። ባልዲው ቁጥር አለው። የግድግዳው ሰዓትም ቁጥር አለው፣ ያውም መስታወቱ ላይ፤ ቢሮው ውስጥ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ፍላሹን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው አመጡልኝ። ፈታሁት። «ፕላስቲኩ ላይ ቀለሙ አልይዝ አለኝ» አሉ እንደ መኩራት ብለው፤ «ብረቱ ላይ ግን እንዴት እንዳማረበት!»

ብረቱ ማለት ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባው ጫፉ ነው። በአንዱ ጎን የቢሮው ስም በምህጻረ ቃል፣ በሌላው ጎን ቁጥሩ፤ የተረፈው ቀለም ወደ ውስጥ ወርዶ ደርቋል። እኔ የምጮህ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ጮህኩ።

«አቶ ደምሰው፣ ይሄ እኮ ምላሱ ነው! ምላስ ላይ ይጻፋል?»

«ቁጥር ሳይኖረው ቢጠፋስ ማን ይጠየቃል?» አሉኝ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። «ይህችው ልጅ አይደለችም? ለእሷው ብዬ ነው።»

ለእሷው! በአገራችን ሰው ላይ የሚደርሰው ግፍ ሁሉ ለራሱ ተብሎ መሆኑን አስተውላችኋል? አሪየት ግን ከእኔ የተሻለች ሆነች። ከቢሮው ሹፌር ጥቂት ቤንዚን ለምና፣ ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልላ፣ ቀለሙን ከውጭም ከውስጥም ቀስ እያለች አስለቀቀችው። ሲደርቅ ሰካሁት። ያው ጥቁር መስኮት፣ ያው ነጭ ጽሑፍ። አቶ ደምሰው ከኋላዬ ሆነው «ፍላሹም ተበላሸ እንዴ?» ብለው ዐይናቸውን አሪየት እጅ ላይ ወዳለው ጥጥ ላኩ።

ደግነቱ ጥፋቱ የፍላሹም የእሷም አልነበረም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የገዛ ዲስኩን እንዲፈልግ ታዟል፤ ፍላሹን ዞር ብሎም አላየው። ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ቅደም ተከተሉን ቀየርኩና ፍላሹን አስቀደምኩ። ተነሳ። የተጻፈው ሁሉ ሳይጎድል ተገኘ፤ የጠፋውን መነሻ መለስኩለት፤ ከምሳ በፊት አሪየት ደብዳቤ ታትም ጀመር።

እዚህ ላይ ወጉ ያልቅ ነበር፣ ኮሚቴ ባይኖር ኖሮ። ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ፤ እኔም ተጠራሁ።

«ኮምፒውተሩ ስለዳነ አሪየት ይቅርታ ተደርጎላታል» አሉ አቶ ደምሰው። ይቅርታው በግል ማኅደሯ ይቀመጣል፤ ጥፋቱም አብሮት ይኖራል ማለት ነው።

«ይቅርታ አልፈልግም» አለች አሪየት። «አላበላሸሽም በሉኝ።»

«አንቺ ካልሆንሽ ታዲያ ማነው?»

«መብራቱ ነው» አልኩ እኔ።

«መብራት ቃል አይሰጥም፣ መምህር። መብራት አይፈርምም። ጥፋተኛ ካልተገኘ ፋይሉ አይዘጋም፤ ፋይሉ ካልተዘጋ ደግሞ ደብዳቤዋ አይወጣም።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ ብላችሁ ጻፉ!» አልኩ በንዴት። «መጨረሻ የነካሁት እኔ አይደለሁ?»

እንዲህ ብል ያፍራሉ ብዬ ነበር። የአቶ ደምሰው ፊት ግን በራ። ለካ ከእኔ የተሻለ ጥፋተኛ አይገኝም። የቢሮው ሠራተኛ ስላልሆንኩ ደመወዜ አይቆረጥ፣ ማስጠንቀቂያ አይጻፍልኝ፣ ዝውውር አያሰጋኝ። ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ተቀበለኝ። ፈረምኩ።

«ቲቸር፣ ውሸት ነው ይሄ» አለችኝ አሪየት።

«አውቃለሁ» አልኳት። ቋሚ ደብዳቤዋ በማግስቱ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ያ ኮምፒውተር ባስነጠሰው ቁጥር ተላላኪ እስከ መማሪያ ክፍሌ ድረስ ይመጣና በተማሪዎቼ ፊት «ኮምፒውተሩን ያበላሸው መምህር ይፈለጋል» ይላል። እየተቃጠልኩ እሄዳለሁ። አሪየት ግን አንድም ቀን ዝም ብላ አላስገባችኝም። ከወንበሯ ትነሳና ቢሮው ሁሉ እንዲሰማ «ቲቸር አይደለም ያበላሸው፤ መብራት ነው» ትላለች። አሁን ቋሚ ሠራተኛ ናት፣ ማንንም አትፈራም። አቶ ደምሰውም መነጽራቸውን አውልቀው እንደ አባት ይመልሱላታል፦

«እናውቃለን፣ ልጄ። ግን ፋይሉ ተዘግቷል።»